ሞጆ ላለው ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጥሬ ቆዳ ተነክሮ ፀጉሩ የሚነቀልበት ክፍል ተመደብኩ ስትለኝ ደስ ቢለኝም ሐሳብ ገባኝ። በቆዳ ፋብሪካ መጋዘን ስሠራ ከየኬሚካሉ ጋር የሚመጣውን የደህንነት መረጃ ሰነድ፣ እናንተ ኤስዲኤስ የምትሉትን፣ እየተረከብኩ ስለኖርኩ ስለ እሱ ልንገርህ።

የሰነዱን 16 ክፍሎች ሸምድድ አልልህም። ፀጉሩን የሚነቅለውን የሶዲየም ሰልፋይድ 10ኛ ክፍል፣ ከምን ጋር እንደማይስማማ የሚናገረውን፣ ግን ከረጢቱ ሳይቀደድ አንብበው። ቢጫ ቅርፊት ነው፣ ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ግን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይለቃል። እናንተ ጋ ደግሞ አሲድ ሩቅ አይደለም፤ ለፒክል፣ ቆዳው በጨውና በአሲድ ለሚነከርበት ሥራ፣ ሰልፈሪክና ፎርሚክ አሲድ ይወጣል። የሰልፋይዱና የአሲዱ ፍሳሽ በአንድ ቦይ ከተገናኘ ማንም ከረጢት ሳይነካ ጋዙ ይፈጠራል። መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ አፍንጫ ይደነዝዝና የጠፋ ይመስላል። ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ጓደኛህ እዚያ ቢወድቅ፣ በእናትነቴ ይዤሃለሁ፣ የአየር ሲሊንደር ያለው መተንፈሻ ሳታደርግ ዘለህ እንዳትገባ። እንዲህ ሲሆን ነው ሟቹ ሁለት የሚሆነው።

8ኛው ክፍል ስለ ጓንትና መተንፈሻ ነው። «ተስማሚ ጓንት ይጠቀሙ» ብሎ የሚያልፍ ወረቀት ያናድደኛል፤ ጓንቱ ከምን የተሠራ እንደሆነ አቅራቢውን በጽሑፍ ጠይቅ። የአቧራ ማስክ ጋዝ አይመልስም። 4ኛው፣ የመጀመሪያ እርዳታው፣ ኬሚካሉ ዓይን ውስጥ ሲገባ ወዲያው በብዙ ውኃ እጠቡ ይላል፤ ፈረቃ ስትገባ ቧንቧውን ከፍተህ ውኃ መኖሩን እይ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሰነዱ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈ ቢሮ ተቆልፎበት ሲቀመጥ ነው። ከረጢቱን የሚሸከመው የቀን ሠራተኛ መቼ ያየዋል? አንተ ተምረሃልና አደጋውን የሚናገረውን 2ኛውን፣ ከእሱም ጋር 4ኛ፣ 8ኛና 10ኛውን ክፍል በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አስጽፈህ ከሚዛኑ አጠገብ ለጥፍ። ማንበብ የማይችል አይጠፋምና ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላቸው። አቅራቢ ሲቀየር የኬሚካሉ መጠንም ሊለወጥ ስለሚችል አዲሱን ወረቀት ተቀብለህ አሮጌውን አንሳ።

የአማርኛውን ረቂቅ በቴሌግራም ላክልኝ፤ የመጋዘን ሰው የሚገባው መሆኑን አይቼ እመልስልሃለሁ። የቦዩንም ነገር ኃላፊህን ጠይቀህ እሑድ ስትደውል ንገረኝ።

እናትህ