የጂኦግራፊ ክበብ፦ ስንዝርና አራት ጣት

የክበባችን የ2017 ዓ.ም. ዕቅድ ካርታ ማቅለምና የተሰበረውን ግሎብ መጠገን ነበር። ግሎቡ ዛሬም አልተጠገነም። መስከረም መጨረሻ ላይ መሬት ተንቀጠቀጠ፤ ዕቅዳችንም አብሮ ፈረሰ።

ከልጆቹ አብዛኞቹ የሚኖሩት እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አንዷ አምፖሉ ሲወዛወዝ አይታ ከአራተኛ ፎቅ በባዶ እግሯ መውረዷን ነገረችን። ታኅሣሥ ላይ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ በኩል የሚመጣው ንዝረት ሲደጋገም፣ በክበብ ሰዓት ድራሻቸው የሚጠፋው ሁሉ መጡ። ወንበር አነሰን። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ቲቸር፣ መሬቱ ምን ሆኖ ነው?»

መልሱ አፋር ድረስ ወሰደን። ቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የእኛው ስምጥ ሸለቆ የሚገናኙት እዚያ ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት በጥቂት ሳምንታት ተሰነጠቀ፤ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ከሥር የገባው ቅልጥ አለት ነው የገፋው። የፈንታሌው የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

የዓመቱ ምርጥ ቀን ግን የወረቀቱ ቀን ነበር። ሁለት ዴስክ አስጠጋን። በመሃላቸው ካለችው ክፍተት ሁለት ረጃጅም ወረቀት አወጣንና አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ቀስ እያልን ጎተትን። አዲስ ብቅ ያለውን አንዴ በከሰል እናጠቁራለን፣ አንዴ ነጭ እንተዋለን። ጥቁሩ የመሬት መግነጢስ እንደ ዛሬው የነበረበት ዘመን ነው፤ ነጩ ሰሜንና ደቡቡ የተገለበጠበት። ሲያልቅ ግራና ቀኙ የነጠላ ጥለት መሰለ። የውቅያኖስ ወለልም እንዲሁ ነው፤ መሃል ላይ ይወለዳል፣ የዘመኑን መግነጢስ ይዞ በሁለት በኩል ይሸሻል። ቫይንና ማቲውስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ጥለት ያነበቡት እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ብሎ በ1912 የተናገረው ጀርመናዊው ተመራማሪ ቬገነር ግን በ1930 ግሪንላንድ በረዶ ላይ ሞቷል። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ «ሳያየው?» ብሎ ከልቡ አዘነ። እኔም አዝናለሁ።

ሌላው ልጅ ከግንባታ ቦታ ጥቁር ድንጋይ ይዞ መጣ። እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። የእንጀራውም የድንጋዩም ዓይን ጋዝ ሲወጣ የሚተወው ነው። የውቅያኖስ ወለል ከዚሁ ከባዛልት የተሠራ ነው ስላቸው ድንጋዩን እየተቀባበሉ አገላበጡት።

አፋር መሄድ አልቻልንም። ቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ዳር ወጥተን፣ ጥንት በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተቆፈረውን ጉድጓድ አይተን፣ ምሳችንን በልተን ተመለስን።

ስምጥ ሸለቆው እየሰፋ አንድ ቀን ባሕር ሊሆን ይችላል ብያቸው ስለነበር፣ «ባሕሩ ቱሉ ዲምቱ መቼ ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ አልለቀቀኝም። ስለዚህ አሰላን። የእኛ ስምጥ ሸለቆ በዓመት የሚሰፋው ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው። እነሱ ከተወለዱ ወዲህ አራት ጣት ያህል ሰፍቷል፤ እኔ ከተወለድኩ ደግሞ አንድ ስንዝር። ዕድሜዬን የገመቱት በዚያ ነው።

ወረቀታችን ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የግራው ጫፍ የዴስክ ሚስማር ቀዶት አንድ ጥቁር መስመር ይጎድለዋል። እንድገመው ብል አንዷ ተቃወመች፤ «ቲቸር፣ ያረጀ ወለል ወደ መሬት ሆድ ይመለሳል ብለውን የለ? ይኸው ተመለሰ።»