ለጤና ሚኒስቴር፦ ከኦፕራሲዮን በፊት ስለ ጭሱም ይጠየቅ

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣

የቀዶ ጥገና ዋርድ ነርስ ነኝ። በቀጥታ ልናገር። ኦፕራሲዮኑ አምሮለት፣ ቁስሉም ደህና ሆኖ ሳለ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን በሳንባ ምች የሚወድቅብን ታካሚ ጥቂት አይደለም። ቤተሰብ "ብርድ መታው" ይላል። ብርድ አይደለም። ከእምብርቱ በላይ የተቀደደ ሰው ስለሚያመው በረጅሙ አይተነፍስም፣ ማሳልም ይፈራል፤ የሳንባው ታችኛው ክፍል አየር አጥቶ ይጨማደዳል፣ አክታው እዚያው ይጠራቀማል፣ ኢንፌክሽኑ ይከተላል።

ማን ይበልጥ እንደሚጋለጥ ግን ቀድሞ መገመት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከካታሎኒያ የወጣው አሪስካት የሚባል መለኪያ የሚያየው ሰባት ነገር ነው፦ ዕድሜ፣ በደም ውስጥ ያለ የኦክስጅን መጠን፣ ባለፈው ወር የያዘ የመተንፈሻ ኢንፌክሽን፣ ደም ማነስ፣ የሚቀደደው ቦታ፣ የሚፈጀው ሰዓት፣ ድንገተኛ መሆን አለመሆኑ። ውድ ምርመራ የለበትም። ብቻ እንዳለ ገልብጣችሁ እንዳትልኩልን! ኦክስጅኑ ከ96 በመቶ በታች ለሆነ ሁሉ የስጋት ነጥብ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ አየሩ ስስ በሆነበት እዚህ ጤነኛ ሰው 94 ቢያሳይ ምን ይገርማል? ለደጋው ሰው ይስተካከል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የጭሱ ነገር ነው። የእኛ ፎርም "ሲጋራ ያጨሳሉ?" ብሎ ያልፋል። ዕድሜ ልካቸውን በኩበትና በእንጨት ጭስ እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እናት "በስመ አብ! እኔ?" ብለው ይስቃሉ፣ እኛም "አያጨሱም" ብለን እንጽፋለን። የማገዶ ጭስ ግን ሲጋራ ነክተው የማያውቁ ሰዎችን ለከባድ የሳንባ በሽታ ይዳርጋል። ቲቢ ታመው ያውቁ እንደሆነም በደንብ ይጠየቅ።

የሚጋለጠው ታካሚ ከተለየ በኋላስ? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጥናት ላይ፣ ከላይኛው የሆድ ክፍል ቀዶ ጥገና በፊት ፊዚዮቴራፒስት ለግማሽ ሰዓት ያህል አተነፋፈስ ካስተማራቸው ታካሚዎች የሳንባ ችግር የገጠመው 12 በመቶው ነው፤ ጽሑፍ ብቻ ከተሰጣቸው ደግሞ 27 በመቶው። ፊዚዮቴራፒስት በሌለበት እኛ ነርሶች ሠልጥነን እናስተምራለን። ግን አንድ ነርስ ስንት አልጋ እንደምትይዝ ታውቃላችሁ፤ ሰዓቱ በሥራ ድልድሉ ውስጥ ካልተያዘ ማንም አይሠራውም።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ገጽ ፎርምና ያቺን ግማሽ ሰዓት ነው። ፎርሙን በየሆስፒታሉ ዝም ብላችሁ ከመበተናችሁ በፊት ደጋም ቆላም ላይ ሞክሩት፣ ስታረቅቁትም ዋርድ ውስጥ የሚያድሩትን ጥሩ።