ስለ «ጊቭን» ማንጋ ለአባላት የተላከ ማስታወሻ

የተከበራችሁ የንባብ ቡድናችን አባላት፣

ለቀጣዩ ውይይታችን የተመረጠው «ጊቭን»፣ ናትሱኪ ኪዙ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጃፓን መጽሔት በተከታታይ ያሳተመችው የወንዶች ፍቅር ማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ) ነው።

የሥራው ትልቁ ብርታት ሐዘንን የሚይዝበት ጥንቃቄ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማፉዩ ክሮቹ የተበጠሱበትን ጊታር ታቅፎ በትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ሲያንቀላፋ እናገኘዋለን፤ ጊታሩ ራሱን ያጠፋው የቀድሞ ፍቅረኛው የዩኪ እንደነበረ የምንረዳው ግን፣ በአንድ የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ጊታር የሚጫወተው የትምህርት ቤት ጓደኛው ኡኤኖያማ ክሮቹን ቀይሮለት መጫወት ካስተማረው በኋላ ቀስ በቀስ ነው። ማፉዩ ከባንዱ ጋር መድረክ ላይ ሲዘፍን ድምፁ ከወረቀት ባይሰማም፣ ሥዕሎቹ ዝምታውንና ጩኸቱን አብረው ያሳያሉ። የ2019 እ.ኤ.አ. አኒሜ (በተንቀሳቃሽ ሥዕል የተሠራው ቅጂ) ዘፈኑን በእርግጥ አሰምቶናል፤ እኔ ግን ገጹን እመርጣለሁ።

በሌሎቹ የባንዱ አባላት፣ በሃሩኪና በአኪሂኮ ታሪክ ላይ ሲደርስ ግን ቅሬታ አለኝ። አኪሂኮ በሃሩኪ ላይ በጉልበት የሚነሳበት ትዕይንት ክብደቱን የሚመጥን ተጠያቂነት ሳይከተለው፣ ንዴትና የልብ ስብራት እንደ በቂ ምክንያት ተቆጥረው ታሪኩ ወደ ፍቅር ይሻገራል፤ ይህም በዘውጉ ውስጥ የቆየ ድክመት ነው። የኡኤኖያማ እህት ያዮይም ከሌሎች ፍቅር ዳር ቆማ ከመመልከት ያለፈ ቦታ አላገኘችም።

ራስን ስለማጥፋትና ስለ ፆታዊ ጥቃት ማንበብ የሚከብዳችሁ አባላት አስቀድማችሁ እንድታውቁት እፈልጋለሁ። በመጀመሪያው ውይይት የምንነጋገረው እስከ ባንዱ የመጀመሪያ የመድረክ ዝግጅት ድረስ ባለው ክፍል ብቻ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የውይይቱ አስተባባሪ