ጡረታ ስትወጣ መዝገቡን ማን ይረከባል?

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጋዜጣችሁ የሴት አትሌቶቻችንን ድል በደስታ ያትማል፤ ያስመሰግናችኋል። ከዚያ ድል ጀርባ ግን ስሟ የማይነሳ ሴት አለች። በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ የስፖርት ቢሮ ተቀምጣ ዓመት ከዓመት ውድድር የምታሰናዳ፣ ኳስ የምታስገዛ፣ አውቶቡስ የምታስፈቅድ፣ የታመመችን ተማሪ ክሊኒክ የምታደርስ። ሃያ ሠላሳ ዓመት ሠርታ በ60 ዓመቷ ስትሰናበት ጋቢ ትለብሳለች፣ ፎቶ ትነሳለች፣ አለቀ። ያወቀችው ሁሉ አብሯት ቤቷ ይገባል። በድሬዳዋ፣ በሐረርና በሐረማያ ያሉ ተቋማት ይህን እንዲያስቡበት ነው የምንጽፈው።

«የስፖርት ቢሮ ምን ሥራ አለው?» ለሚሉ አንድ መሰናክል ይበቃል። በሴቶች 100 ሜትር መሰናክል የሚዘለለው 10 ነው፤ ከፍታው 83.8 ሳንቲ ሜትር። ከመነሻው እስከ መጀመሪያው 13 ሜትር፣ በየመሃሉ 8.5 ሜትር፣ ከመጨረሻው እስከ መግቢያው 10.5 ሜትር ነው። የወንዶቹ 110 ሜትር ደግሞ ከፍታው 106.7 ሳንቲ ሜትር፣ እስከ መጀመሪያው 13.72፣ በየመሃሉ 9.14 ሜትር። ምልክቶቹ መሙ ላይ ተቀራርበው ስለሚቀቡ የቸኮለ ሠራተኛ አንዱን በሌላው ቦታ ያቆማል። በመሃሉ ሦስት እርምጃ የለመደች ልጅ አራተኛ ስትጨምር ባልለመደችው እግር ትነሳና ትወድቃለች። ከዚህ የከፋው የሚዘነጋው ክብደት ነው። መሰናክል መሃል ጫፉን ከ3.6 እስከ 4 ኪሎ የሚሆን ኃይል ሲገፋው መውደቅ አለበት፤ ለዚህም ሲባል እግሩ ላይ የሚንሸራተት ክብደት ተገጥሞለታል። ከፍታው ከወንዶች ወደ ሴቶች ዝቅ ተደርጎ ክብደቱ እዚያው ከቀረ መሰናክሉ ሲነካ አልወድቅ ብሎ ይገትራል። ጣጣው የልጅቷ ጉልበት ላይ ያርፋል። ይህን የምታውቅ ሴት ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት አሥሩንም በእጇ ገፍታ ታልፋለች። ስምንት መስመር ከሆነ ሰማንያውን።

ብዙው ጥፋት ግን የሚወለደው ግዥ ጥያቄው ላይ ነው። «ቅርጫት ኳስ፣ 20» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ቁጥር 7 ይመጣል፤ ሴቶች የሚጫወቱት በቁጥር 6 ነው። እጅ ኳስ ለሴቶች ቁጥር 2 ሲሆን ዙሪያው ከ54 እስከ 56 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ325 እስከ 375 ግራም ነው። አሎሎው 4 ኪሎ፣ ዲስከሱ 1 ኪሎ፣ ጦሩ 600 ግራም መሆኑ ተለይቶ መጻፍ አለበት። የመረብ ኳስ መረብ ለሴቶች 2.24 ሜትር፣ ለወንዶች 2.43 ሜትር ስለሆነ ምሰሶው ከፍና ዝቅ የሚል ይሁን ካልተባለ በወንዶቹ ልክ የተበየደ ብረት ይመጣና ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ እሱ ላይ ሲንጠራሩ ይከርማሉ። ዕቃው አንዴ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ከሆነ በኋላ «ተሳስቷል» ማለት ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ ርክክቡ ላይ የስፖርት ኃላፊዋ ሜትርና ሚዛን ይዛ መገኘት አለባት። የንብረት ሠራተኛው ኳሱን ይቆጥራል እንጂ አይለካም፤ አይፈረድበትም።

ማሊያና ቁምጣም እንደዚሁ ነው። የተጫዋቾቹ ልክ ሳይያዝ ሁሉም በአንድ መጠን ይገዛል፤ ሴቶቹ በመርፌ ቁልፍ እየሰበሰቡ ይጫወታሉ። ቁምጣው ነጭ አይሁን። ነጭ ልብስ ወግ የሆነበት ዊምብልደን እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ለሴቶች ጠቆር ያለ የውስጥ ቁምጣ ፈቅዷል። ሞዴስ ከመጀመሪያ ሕክምና ዕቃዎች ጋር በዝርዝሩ ይግባ፤ ወንድ ኃላፊ ለመጻፍ ሲያፍር ይቀራል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ነው። ልምድ ያላት አስተዳዳሪ ዝርዝሯን ሐምሌ ላይ ጨርሳ ትጠብቃለች። አዲስ ተሿሚ ግንቦት ላይ ይባንናል፤ ያኔ የሚገዛው የተገኘው ነው።

ስለ አየሩም እንበል። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የደንገጎን ዳገት ወጥተው ሐረማያ ሲደርሱ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ከላይ የሚወርደው ቡድን ሙቀት ይመታዋል፣ ከታች የሚወጣው ትንፋሽ ያጥረዋል። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ በውድድሩ ዋዜማ መውረድ አይበቃም። ድሬዳዋ ላይ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ሩጫ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መጀመር አለበት። የክብር እንግዳው ሲጠበቅ፣ ንግግሩ ሲረዝም፣ ልጆቹ በረፋዱ ፀሐይ ይሮጣሉ። ሩጫው ይቅደም፣ ንግግሩ ይከተል ብሎ የሚከራከር ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ በወንበሩ ላይ የከረመ ሰው ነው ድፍረት ያለው።

ልምምድ አምሽቶ ሲያልቅ የተማሪዎች ምግብ ቤት ይዘጋል። እራት ሳትበላ የምትተኛ ሯጭ ውሎ አድሮ የወር አበባዋ ይቀራል፤ አጥንቷ ይሳሳል፤ ቅልጥሟ ላይ ስንጥቅ ይወጣል። ለሦስት ወር የቀረባት ልጅ ሐኪም ዘንድ መላክ አለባት። ይህን ግን ለማን ትናገር? ለወንድ አሠልጣኟ አትናገርም። ቢሮው ውስጥ ሴት መኖሯ እዚህ ላይ ነው ዋጋው። ከምግብ ቤቱ ጋር ተነጋግሮ እራት ማስቀመጥም የእሷ ሥራ ነው፤ አንድ ደብዳቤ ነው የሚፈጀው።

የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር አጋዡ የአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ነበር። የእርሻውን ትምህርት ከዚያ ወሰድን፤ የስፖርት አስተዳደርን ሙያ ብሎ መቁጠር ግን አብሮ አልመጣም። በዚያው አገር በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ክርስቲን ግራንት እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 2000 የሴቶች ስፖርት ዳይሬክተር ነበረች፤ 27 ዓመት በአንድ ወንበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የአዮዋ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ጨዋታ ከ22,000 በላይ ተመልካች ገባበት፤ ያን ጊዜ እሷ በሥራው 12ኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። በትምህርት ቤት የፆታ አድልዎን የከለከለው የ1972ቱ ሕግ ግን እዚያም ሁሉን አላቀናም። ገንዘብና ውድድር መጣ፤ የሴቶችና የወንዶች ክፍሎች ሲዋሃዱ ግን በየቦታው ወንበሩን የያዘው በአብዛኛው ወንድ ሆነ። እኛም ጋ ሥራው በመዋቅር ላይ በግልጽ ካልተቀመጠ፣ ለመምህር በተደራቢነት ወይም በውክልና ከተሰጠ፣ ዕጣው ያው ነው።

ድሬዳዋ በ1968 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ሞሮኮን፣ ናይጄሪያን፣ ሱዳንንና ዛየርን ያስተናገደች ከተማ ናት። መስተንግዶ አይቸግራትም፤ የሚቸግረን ማኅደር ነው። ስለዚህ ኃላፊዋ ከመሰናበቷ ስድስት ወር አስቀድሞ ተተኪዋ አጠገቧ ትቀመጥ፤ ቢያንስ አንድ ውድድር አብረው ያካሂዱ። የምትረከበውም የቁልፍ ዘለላ ብቻ አይሁን። የየዓመቱ ውጤት ከነሰዓቱና ከነአለካኩ ይኑር። በእጅ ሰዓት የተያዘ ከሆነ ሦስት ሰዓት ያዦች ከያዙት መካከለኛው መወሰዱ፣ ወደሚቀጥለው አሥረኛ ሰከንድ መጠጋጋቱ ይጻፍ፤ 13.43 ተብሎ የተያዘው 13.5 ነው። የተስተካከለው የግዥ ዝርዝር፣ የልብስ ልክ፣ የዳኞች ስም፣ የተሰበረው ዕቃና የተሰበረበት ምክንያት ይኑርበት። የጤና ጉዳይ ለብቻው ተቆልፎ በክሊኒኩ ይቀመጥ።

ርክክቡ ከግንቦት አይለፍ። ሰኔ ላይ ንብረት ክፍሉ ለቆጠራ ይዘጋል፤ መሰናክሎቹን አውጥቶ ክብደታቸውን ለተተኪዋ ማሳየት አይቻልም።

የስፖርት ሳይንስ መምህራን
ከድሬዳዋ