ደብዳቤ ለልጄ፦ መጽሐፉን ግማሽ ላይ አትተዪው

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ብላሻለች። የአዳማ ሙቀት እንደምታውቂው ነው። ከሰዓት በኋላ ከቤት መውጣት ስለማይታሰብ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

ባለፈው በስልክ "አባዬ፣ የስለላ ልብ ወለዱን ይኼኛውን ቅጽ ግማሽ ላይ ተውኩት" ስትዪኝ ብዙ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ወደ ሥራ ትገቢ ነበርና አልተመቸንም። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን።

ቅር ያለሽ ነገር ገብቶኛል። በፊተኞቹ ቅጾች ሰላዩ ከባቡር ይዘላል፣ በሌሊት ድንበር ያቋርጣል፣ ይተኩሳል። እዚህ ግን ገና በሦስተኛው ምዕራፍ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ጀርመኖቹ ሬዲዮው ፊት አስቀምጠውት ሞርስ፣ ማለትም ፊደልን በአጭርና በረጅም ምት የሚልኩበትን ኮድ፣ ይመታል። "ደግሞ የለንደን አለቆቹ መያዙን የሚነግራቸውን ምልክት እያዩ ዝም ማለታቸው አይታመንም፣ ደራሲው ገጽ ለመሙላት ነው" አልሽኝ።

እናቴ፣ ይሄንን ደራሲው አልፈጠረውም። በእውነት የሆነ ነው።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመን በያዘቻቸው አገሮች ሰላይ የሚያሰርግ ምስጢራዊ ድርጅት አቋቁመው ነበር። ወደ ሆላንድ ከላኳቸው አንዱ ሁበርት ላወርስ የሚባል የሬዲዮ ሰው ነው። በመጋቢት 1942 ዘ ሄግ ከተማ ውስጥ ከነሬዲዮው ተያዘ። የጀርመን ወታደራዊ ስለላ ሰዎች "ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነህ መልእክት ላክ" አሉት።

ላወርስ ሲሠለጥን የተሰጠው ምልክት ነበር። በየ16ኛው ፊደል ላይ ሆን ብሎ መሳሳት አለበት። ስህተቱ ካለ ሰላም ነው። ከሌለ ተይዟል ማለት ነው። ለጀርመኖቹ ሌላ የውሸት ምልክት ነግሯቸው እውነተኛውን በሆዱ ያዘ። ከዚያ መልእክቱን ያለዚያ ስህተት ላከው። ለንደን ምንም እንዳልጎደለ ቆጥሮ መለሰለት። ደጋግሞ ላከ፣ አሁንም ያው። በኋላማ "ተያዝኩ" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለሁለት ቆርጦ እመልእክቱ መሀል ሰነቀረው። የሰማው የለም። እንዲያውም "አዲስ ሰው እንልካለን፣ ተቀበሉት" የሚል መልስ መጣ። አዲሱ ሰው በፓራሹት ሲወርድ የተቀበሉት ጀርመኖች ናቸው። ከእሱ በኋላ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። በጠቅላላው ከ50 በላይ ሰላዮች እንዲሁ ተያዙ። አብዛኞቹ በመስከረም 1944 ማውትሃውዘን በሚባለው የናዚ እስረኞች ካምፕ ውስጥ ተገደሉ።

እኔ ይሄንን ሳነብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በወጣትነቴ የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኜ እንደሠራሁ ታውቂያለሽ። ሞርስ የሚመታ ሰው የእጁ አመታት እንደ ድምፁ ነው። ከሌላ ጣቢያ የሚልክልኝ አንድ ባልደረባ ነበር፣ መልኩን አይቼው አላውቅም። ሲደክመው የመጨረሻዋን ረጅም ምት ይጎትታታል። ስትጎተት ከሰማሁ "እረፍት ውሰድ" ብዬ እልክለት ነበር። ሰው እንዲህ ነው የሚሰማማው። አንድ ሰው በጠላት መሣሪያ ተከቦ በጣቱ "ድረሱልኝ" እያለ ሲጮህ ወዲያ ማዶ ያለው ቢሮ ፋይል አድርጎ የሚያስቀምጠው ከሆነ፣ ከዚህ የባሰ የሚያስፈራ ነገር ለእኔ የለም። ተኩሱ ምንም አይደለም።

ደራሲውን ያደነቅኩት ለዚህ ነው። ጠላትን ክፉ አድርጎ መጻፍ ቀላል ነው። የራስን ወገን ግዴለሽነት በየገጹ ቀስ እያለ ማሳየት ግን ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል። የሊዝበኑ የፍቅር ታሪክ ተንዛዝቷል፣ እሱን ብትዘዪው አልቀየምሽም።

አንቺ የተውሽበት ቦታ ላይ ደግሞ የኮድ ክፍሏ ልጅ ገና አልገባችም። ሁለት ምዕራፍ ቀርቶሽ ነበር! እሷን የመሰለ ሰው በእውነትም ነበረ። ሊዮ ማርክስ ይባላል፣ የዚያ የእንግሊዞች ድርጅት የኮድ ክፍል ኃላፊ ነው፣ ያኔ ዕድሜው ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ወደ ሌላ አገር ከተላኩት ሰላዮች የሚመጣው መልእክት ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነው። ፈርቶ፣ በጨለማ፣ እየተጣደፈ የሚጽፍ ሰው ፊደል ያሳስታል። ከሆላንድ የሚመጣው ግን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ማርክስን ያሳሰበው ንጹሕነቱ ነው። የሚፈራ ሰው እንዴት አይሳሳትም? ለአለቆቹ ተናገረ። ቶሎ የሰማው አልነበረም።

በነሐሴ 1943 መጨረሻ ሁለት ሰላዮች፣ ዱርላይንና ኡቢንክ፣ ከእስር ቤት አመለጡ። በስዊዘርላንድ በኩል አድርገው በስንት መከራ እንግሊዝ ደረሱ። ጀርመኖቹ ግን ቀድመው፣ በዚያው በተያዘው ሬዲዮ፣ "ሁለቱ ከድተዋል" ብለው አስወርተውባቸው ነበር። እውነቱን ይዘው የመጡት ሰዎች ለንደን ሲገቡ ታሰሩ። ደራሲው ይሄንን ለመጨረሻው ክፍል በራሱ መንገድ ተጠቅሞበታል። ከዚህ በላይ አልነግርሽም።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። የእኛም አገር የውስጥ አርበኞች በጣሊያን ጊዜ ይሄንኑ ሥራ ሠርተዋል። ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ጠላት መሀል ተቀምጣ ለአርበኞች መሣሪያና ወሬ ታቀብል ነበር፣ ተይዛም ብዙ ተሠቃይታለች። የእሷ ሕይወት አንድ ቅጽ ብቻ አይበቃውም። አንቺ መጻፍ እንደምትወጂ አውቃለሁና፣ ይሄን ነገር አስቢበት። ከልቤ ነው የምልሽ።

ለጊዜው ግን ከተውሽበት ቀጥዪ። ፍራንኮ አካባቢ ያለው አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የሚቀጥለውን ቅጽ አስቀምጦልኛል። ይሄኛውን ጨርሰሽ ከመጣሽ መጀመሪያ የምታነቢው አንቺ ነሽ። እኔ እታገሣለሁ። እናትሽ በርበሬ ስላስፈጨችልሽ ባዶ ዕቃ ይዘሽ ነይ።

የሚወድሽ አባትሽ
አዳማ