ይድረስ ለአባዬ፤ ራቁታቸውን ስለሚታገሉት ሰዎች

ቶኪዮ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እማዬስ፣ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጾሙንም ከእናንተው ጋር ይዣለሁ። ሽሮው ገና አላለቀም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በስልክ ስላልሆነልኝ ነው። ያለፈው እሁድ ደውዬ «ልጁ አሸነፈ! ልጁ አሸነፈ!» ስል ደንግጠው «የማን ልጅ?» አሉኝ። ልነግርዎ ስል መስመሩ ተቆረጠ። ኋላ ትንሿ በቴሌግራም የላክሁላትን ቪዲዮ አሳየችዎና ይህን በድምጽ ላኩልኝ፦ «አንተ ልጅ፣ እነዚህ የጠገቡ ሰዎች ራቁታቸውን የሚገፋፉት ምን አጥተው ነው? አንተስ ይህን ልታይ ነው ባሕር የተሻገርከው?» ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሦስቴም ሳቅሁ። አሁን ወደ አገር ቤት የምትገባ ልጅ ስለተገኘች ረጋ ብዬ ልመልስልዎ።

ነገሩ ትግል ነው። ሱሞ ይባላል። ታጋይ ስል ያኛውን ታጋይ እንዳያስቡብኝ፤ እርስዎ በልጅነትዎ ከብት እየጠበቁ የታገሉትን ዓይነት ማለቴ ነው። ክብ አውድማ ያስቡ። የተደለደለ ጭቃ፣ ከዳር እስከ ዳር 4 ሜትር ከ55፣ ዙሪያው ገለባ የታጨቀበት። ከዚያ የወጣ ተሸነፈ። ከእግሩ መርገጫ በቀር ሌላ አካሉ መሬት የነካም ተሸነፈ፤ አንድ ጣትም ብትሆን። ሕጉ ይኸው ነው። የክብደት ምድብ የሚባል የለም። ቀጭኑ ከግዙፉ ጋር ይገጥማል፣ አንዳንዴም ይጥለዋል። ያን ጊዜ አዳራሹ ሲጮኽ ቢሰሙት!

«የጠገቡ» ላሉት ግን አልስማማም። ቁርስ አይበሉም። ጎህ ሲቀድ በባዶ ሆድ ይለማመዳሉ። ምድቡ ስድስት ነው፤ ከላይ ሁለቱ ውስጥ ያልገባ ደመወዝ የለውም። ምግብ ያበስላል፣ የታላላቆቹን ጀርባ ያሻል፣ ማዕድ ላይ መጨረሻ ይቀርባል። የሚበሉት ቻንኮ የሚባል ወጥ ነው፤ ዶሮ ይገባበታል። ለምን ዶሮ ሆነ ቢሉ፣ ዶሮ በሁለት እግሩ ይቆማል። በአራት እግሩ የሚሄድ እንስሳ እጁን መሬት አሳርፏል፣ ማለትም ተሸንፏል። ለእማዬ ይንገሯት፣ ትወደዋለች።

እንዴት እንደገባሁበት ልንገርዎ። የመጣሁ ሰሞን አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «ከየት ነህ?» አሉኝ። «ኢትዮጵያ» ስላቸው ዕቃቸውን አስቀምጠው «አበበ!» አሉ። በፈረንጆቹ 1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጊዜ ሕፃን ነበሩ፣ አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው አበበ ቢቂላ ሲያልፍ አይተዋል። ላብ እንኳ አላየሁበትም ብለው ይምላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአበበ ዘመድ አድርገው ያዙኝ፤ እኔም አላስተባበልኩም። አንድ ቅዳሜ «ና» ብለው የሱሞ አዳራሹ ወዳለበት ሰፈር፣ ሪዮጎኩ ወሰዱኝ። ሐበሻ ከሚበዛበት ከእኔ ሰፈር፣ ከዮትሱጊ፣ አንድ ጊዜ ባቡር ቀይሮ መድረስ ነው። ባቡሩ ውስጥ ወጣት ታጋዮች በጃፓን ቀሚስ ቆመዋል። ፀጉራቸውን ወደ ላይ ቋጥረው ቅባት ተቀብተዋል። ሽታው ጣፋጭ ነው፤ እማዬ ለበዓል ቅቤ የምትቀባው ትዝ አለኝና ሳላስበው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሽማግሌው ሳል የያዘኝ መስሏቸው ከረሜላ ሰጡኝ።

የመጀመሪያ ቀን ምንም አልገባኝም። ሁለት ሰው ይወጣል፣ ጨው ይበትናል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ይፋጠጣል፣ ይነሣል፣ እንደገና ጨው። ትልቁ ምድብ ላይ ለዚህ 4 ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ከዚያ አንድ ጊዜ «ጓ!» ይላሉና በአምስት ሰከንድ ያልቃል። «ይኸው ነው?» አልኳቸው። «አምስቱን ሰከንድ አይደለም የምታየው፣ አራቱን ደቂቃ ነው» አሉኝ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሁን ማን ፈርቷል፣ ማን ጉልበቱን አሞታል፣ ማን ሊያመልጥ አስቧል የሚለውን ከአተነፋፈሳቸው እገምታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እሳሳታለሁ፤ እሱም ጨዋታ ነው።

እርስዎን ግን ደስ የሚልዎት ሌላ ነው። ያሸነፈ አይፈነድቅም። የተሸነፈ ጎንበስ ብሎ ይወርዳል። ያሸነፈ ቁጢጥ ብሎ የሽልማት ፖስታውን ይቀበላል፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። አውድማው ከፍ ያለ ስለሆነ የወደቀውን እጁን ይዞ የሚያወጣው አሸናፊው ነው። እርስዎ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያሉ ያሳደጉን ትዝ ይለኛል። እነዚህ ደግሞ አለመቆጣት ብቻ አይደለም፣ አለመደሰትም ጨምረውበታል። አሳሾሪዩ የሚባል ሞንጎላዊ ነበር፣ 25 ጊዜ ዋንጫ የወሰደ ኃይለኛ። በፈረንጆቹ 2009 አሸንፎ ሁለት እጁን ወደ ላይ ቢያነሣ ተግሣጽ ደረሰበት። ትንሿ አርሴናል ሲያገባ የምታደርገውን ቢያዩ ከአገር ያስወጧት ነበር።

አሁን እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ። አይቆጡኝ።

በኮሮናው ዓመት፣ በእኛ በ2012 ክረምት፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያልኩ ስልክ የማልደውልበት ጊዜ ነበር። ሥራ አልነበረኝም። ዕቃ ሳነሣ ወገቤ ተሰብሮ የቀረ መሰለኝ፤ የሠራሁበት ቤት ደግሞ «እስኪሻልህ አትምጣ» ብሎ በዚያው ረሳኝ። አራት ወር ወለል ላይ ተኛሁ። ሽንት ቤት የምሄደው ግድግዳ ተደግፌ ነበር። ገንዘብ ሳልልክ የቀረሁትም ለዚያ ነው። እናንተ ምንም አላላችሁም፤ ያ ነው የበለጠ ያሳመመኝ።

ታዲያ ቴሌቪዥኑ ክፍት ነበር፤ ሐምሌ ላይ ውድድሩ ተጀመረ። በዓመት ስድስት ውድድር አለ፣ እያንዳንዱ 15 ቀን። ያን ጊዜ የግንቦቱ በወረርሽኙ ተሰርዞ፣ የሐምሌው ናጎያ መሆኑ ቀርቶ ቶኪዮ ነበር፣ ተመልካቹም ጥቂት ብቻ። ቴሩኖፉጂ የሚባል ሞንጎላዊ ወጣ። ሁለቱም ጉልበቶቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል። ሽማግሌው ቀድመው ታሪኩን ነግረውኝ ነበር። ይህ ሰው በፈረንጆቹ 2015 ኦዜኪ ደርሶ ነበር፣ ከላይ ሁለተኛው ማዕረግ። ከዚያ ጉልበቱ ተበላሸ። ስኳር ያዘው። ጉበቱም ታመመ። መታገል ያልቻለ ደግሞ ማዕረጉ ይወርዳል፤ ምሕረት የለም።

አወራረዱን ለማየት ባንዙኬ የሚሉትን ወረቀት ማየት ነው። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት የሁሉም ታጋይ ስም በማዕረጉ ቅደም ተከተል በብሩሽ ተጽፎ ይወጣል። ከላይ ያለው ስም ወፍራም ነው። ወደ ታች ሲወርዱ ፊደሉ ይቀጥናል፣ ይቀጥናል። የመጨረሻውን ረድፍ ጃፓኖች «አጉሊ መነጽር» ብለው ይጠሩታል። ያለ መነጽር አይነበብማ! የቴሩኖፉጂ ስም በየሁለት ወሩ እየቀጠነ፣ በፈረንጆቹ 2019 መጋቢት ላይ ከታች ሁለተኛው ምድብ ደረሰ። ደመወዙ ቀረ። ያገለግሉት የነበሩት ልጆች ሌላ አለቃ ተሰጣቸው። ኦዜኪ የነበረ ሰው እዚያ ወርዶ ታግሎ አያውቅም፤ ያፍሩና ይተዋሉ። እሱም ልተው እያለ ደጋግሞ አለቃውን ለመነ። አለቃው እምቢ አሉ። መጀመሪያ ዳን፣ ከዚያ እናወራለን አሉት።

በዚያ ሐምሌ ወደ ትልቁ ምድብ ተመልሶ፣ የምድቡ ጭራ ላይ ተጽፎ፣ 13 አሸንፎ 2 ተሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። እኔ ወለል ላይ ተኝቼ ነበር። ተነሥቼ ልቀመጥ ብዬ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም፣ ተኝቼው አለቀስኩ። በዓመቱ ዮኮዙና ሆነ፤ ይህ የመጨረሻው ማዕረግ ነው፣ እስከ ዛሬ 75 ሰው ብቻ ደርሶበታል። አሥር ዋንጫ ይዞ ባለፈው ጥር ጡረታ ወጣ። አሁን እምቢ ያሉት አለቃው ይዘውት የነበረውን የሥልጠና ቤት ተረክቦ ልጆች ያሠለጥናል።

የኔ ወገብ በኅዳር ተሻለኝ። ሌላ ቤት ተቀጠርኩ። በቃ፣ ነገርኩዎ።

እማዬ የምትወደውን ልጨምር። ኦሱናአራሺ የሚባል ግብጻዊ ነበር (ግብጽ ሲባል ዓባይን አያንሱብኝ)። ከአፍሪካ መጥቶ በሙያ ደረጃ የታገለ የመጀመሪያው ሰው ነው። በፈረንጆቹ 2013 ሐምሌ ረመዳን ከውድድሩ ጋር ገጠመ። የናጎያ ሐምሌ እሳት ነው። ልጁ ቀን ውኃ ሳይቀምስ ታግሎ ከ15 ግጥሚያ 10 አሸነፈ። በዓመቱ ደግሞ በተከታታይ ሁለት ቀን ሁለት ዮኮዙና ጣለ። መጨረሻው አላማረም፣ ያ ሌላ ወሬ ነው። እኔ ግን ጾም ሲከብደኝ ሁሌ እሱን አስባለሁ።

የማልወድላቸውም አለ። ሴት አውድማው ላይ አትወጣም። በፈረንጆቹ 2018 ማይዙሩ በምትባል ከተማ ከንቲባው አውድማው ላይ ቆመው ሲናገሩ ወደቁ። ሴቶች ሮጠው ወጥተው ደረታቸውን መጫን ጀመሩ። ዳኛው በድምጽ ማጉያ «ሴቶች ውረዱ» አለ! ከንቲባው ተርፈዋል፣ የሱሞ ማኅበሩም ይቅርታ ጠይቋል፣ ሕጉ ግን ዛሬም እንዳለ ነው። ለነርሷ ልጅዎ ይህን አይንገሯት፤ የላክሁትን ሁሉ ትመልሳለች። በፈረንጆቹ 2011ም ግጥሚያ ሲሸጡ የተያዙ ታጋዮች ነበሩ፤ የዚያ መጋቢት ውድድር ተሰርዟል። መላእክት አይደሉም ለማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። «የማን ልጅ?» ብለውኛል። የዩክሬን ልጅ ነው። ስሙ ዳኒሎ፣ የትግል ስሙ አኦኒሺኪ፣ 21 ዓመቱ። በልጅነቱ ሱሞ ይወድ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2019 ለወጣቶች ውድድር ኦሳካ መጥቶ ከአንድ ጃፓናዊ ተማሪ ጋር ተዋወቀ። በፈረንጆቹ 2022 ጦርነቱ መጣ። ወላጆቹ ጀርመን ገቡ፣ እሱ ለዚያ ጓደኛው «ጃፓን ብመጣ ታስጠጋኛለህ?» ብሎ ጻፈለት። አስጠጋው። ቤተሰቡ እንደ ልጅ ያዙት። አሁን የትግል ስሙ ሁለተኛው ክፍል የዚያ ጓደኛው ስም ነው። ዕብደት ነው አይደል? ያስጠጋህን ሰው ስም ይዘህ አውድማ መውጣት።

እሁድ ፉኩኦካ ላይ የመጨረሻው ቀን ነበር። አሥራ ሁለት አሸንፎ ሦስት ተሸንፎ፣ ከዮኮዙናው ከሆሾሪዩ ጋር እኩል ሆነ። እንደገና ይግጠሙ ተባለ። ቤቴ ሦስት ሐበሻ ነበርን፣ አንዱ እንኳን ሱሞ አይወድም፣ ቡና ሊጠጣ ነው የመጣው። ሁላችንም ቆመናል። ጣለው! የቡና ተመልካቹ ሰውዬ ከሁላችን በላይ ጮኸ፣ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። ልጁ ግን ጎንበስ አለ፣ በቃ። ፊቱ ላይ ምንም። ረቡዕ ዕለት ኦዜኪ ተባለ።

እሱም ነገ ጡረታ ሲወጣ አሠልጣኝ ልሁን ካለ ጃፓናዊ መሆን አለበት። ሕጉ ነው። ቴሩኖፉጂም ዜግነቱን ቀይሮ ነው። ጃፓን ደግሞ እንደኛ አገር ሁለት ዜግነት አትፈቅድም፤ አንዱን ትጥላለህ። ይህን ሳነብ ብዙ አስባለሁ። አይስጉ፣ ወረቀቱን አልጠየቅሁም። አልጠይቅም ብዬም አልማልም።

የሚቀጥለው ውድድር ጥር 3 ይጀመራል፣ ከገና በአራተኛው ቀን፣ እዚሁ ሪዮጎኩ። ሽማግሌውን በተራዬ እኔ ልወስዳቸው ቲኬት እያደንኩ ነው። አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄዱት።

ልጅቷ የያዘችውን ልንገርዎ። ለእማዬ ጉልበቷ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት አለ፤ ማታ ማታ ትለጥፈው። ለትንሿ የጠየቀችው ጫማ። ለእርስዎ የኅዳሩ ባንዙኬ። ፊደሉን ባያነቡትም ግድ የለም፤ ከላይ በቀይ እስክርቢቶ ያከበብኩበት ያ ልጅ ነው። ከታች ያሉትን ጥቃቅኖቹን መነጽርዎን አድርገው ይዩልኝ።

ልጅዎ