የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «ብቻ» የማን ነው?

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበባችን ዘንድሮ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሲሰበሰብ ቆይቷል። እንደ ቀደሙት ዓመታት ክርክር፣ የግጥም ንባብና በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ የሚቀርብ የሚኒ ሚዲያ ዝግጅት ነበረን፤ እነዚህን ተማሪዎቻችን በዐይናቸው ስላዩአቸው እዚህ አልዘረዝራቸውም። የምጽፈው አብዛኛውን የክበቡን ጊዜ ስለወሰደ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም «ኦንሊ» (ብቻ)፣ «ኢቭን» (እንኳ)፣ «ኦልሞስት» እና «ኒርሊ» (ለጥቂት፣ ወደ … የሚጠጋ) የመሳሰሉት የእንግሊዝኛ ገዳቢ ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ የት መቀመጥ እንዳለባቸው ነው።

ጉዳዩ የተነሣው ክበቡ ወደ ጣና ገዳማት ለሚሄዱ እንግዶች የሚሆን አጭር የእንግሊዝኛ መምሪያ ለማዘጋጀት በወሰነ ጊዜ ነው። ስለ ክብራን ገብርኤል ገዳም እንድትጽፍ የተመደበች አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ሜን ኦንሊ ቪዚት ክብራን» ብላ አመጣች። ልትል የፈለገችው የባሕር ዳር ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሥርዓት፣ ክብራንን የሚጎበኙት ወንዶች ብቻ መሆናቸውን ነበር። ጽሑፉ እንግሊዝኛ አንባቢ እጅ ሲገባ ግን «ወንዶች የሚጎበኙት ክብራንን ብቻ ነው» የሚል ትርጉም ይሰጣል፤ ሴቶች እንደማይገቡ የሚናገረው ዋናው መልእክት ጠፍቶ፣ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄዱት ወንዶች ሁሉ እንደሌሉ ተቆጠሩ ማለት ነው። ትክክለኛው «ኦንሊ ሜን ቪዚት ክብራን» ነው። ከቃላቱ አንድም አልተጨመረም፣ አንድም አልተቀነሰም።

ስሕተቱን ሳሳያት «ቲቸር፣ እርስዎ ‹ኦንሊ›ን ከሚገድበው ቃል አጠገብ አስቀምጡ ብለውን የለም እንዴ? እኔ ከ‹ሜን› አጠገብ ነው ያስቀመጥኩት» አለችኝ። እውነቷን ነበር። እኔም፣ ያስተማሩኝ መምህራንም ለዓመታት «አጠገቡ አስቀምጡት» ስንል የኖርነው በየትኛው ጎኑ እንደሆነ ሳንናገር ነው። የአማርኛው «ብቻ» ከሚገድበው ቃል ኋላ ይቆማል፤ «እንኳ»ም እንዲሁ። «እኔ ብቻ ዓሣ ገዛሁ» ስንል ሌላ የገዛ ሰው የለም፤ «እኔ ዓሣ ብቻ ገዛሁ» ስንል ሌላ የገዛሁት ነገር የለም። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ልጅ ይህንን ልዩነት ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል። እንግሊዝኛው «ኦንሊ» ደግሞ በአብዛኛው ፊቱን ወደሚከተለው ቃል ያዞራል። ስለዚህ ልጁ «እኔ ብቻ» ብሎ አስቦ «አይ ኦንሊ ቦት ፊሽ» ብሎ ሲጽፍ፣ አንባቢው የሚረዳው ሁለተኛውን፣ «ዓሣ ብቻ ገዛሁ» የሚለውን ነው። ስሕተቱ ከግድየለሽነት የመጣ ሳይሆን የራሱን ቋንቋ ሥርዓት በታማኝነት ከመከተል የመጣ መሆኑን ከተረዳሁ በኋላ የማስተምርበትን መንገድ ለወጥኩ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በክበቡ ማንኛውም ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ከመታረሙ በፊት በአማርኛ «‹ብቻ› የማን ነው?» ተብሎ ይጠየቅ ጀመር። መልሱ ከተገኘ በኋላ ቃሉን ከባለቤቱ ኋላ አንሥቶ ፊት ለፊቱ ማስቀመጥ ቀላል ሆነላቸው።

ይህ ጥያቄ የበለጠ የጠቀመን ስለ ጣና ዓሣ በተጻፈው ገጽ ላይ ነው። በሐይቁ ላቤዮባርበስ ከሚባለው የዓሣ ወገን ከጣና ተፋሰስ ውጭ በዓለም ላይ የማይገኙ ከ10 በላይ ዝርያዎች አሉ። አንድ ተማሪ «ኦንሊ ዚዝ ፊሽ ሊቭ ኢን ሌክ ጣና» ብሎ ጻፈ። ይህ ማለት በጣና ከእነርሱ በቀር ሌላ ዓሣ የለም ማለት ነው፤ ቆሮሶውንና አምባዛውን ዓሣ አስጋሪዎቻችን ከየት ሊያመጡት ነው? ጓደኛው «ዚዝ ፊሽ ሊቭ ኦንሊ ኢን ሌክ ጣና» ብሎ አስተካከለው፤ አሁን የሚኖሩት በጣና ብቻ ነው ማለት ሆነ። አንዲት ሦስተኛ ተማሪ ቃሉን ከግሡ ፊት አድርጋ «ዚዝ ፊሽ ኦንሊ ሊቭ ኢን ሌክ ጣና» ብትል ምን ልዩነት እንዳለው ጠየቀች። ይህ አነጋገር በብዛት የተለመደ ነው፤ ሆኖም በጥብቅ ለሚያነብ ሰው «በጣና መኖሩን ይኖራሉ እንጂ ሌላውን ነገር እዚያ አያደርጉትም» የሚል ትርጉምም ይቀበላል። የሚያስገርመው፣ ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምቱ ወራት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ የመሳሰሉ ገባር ወንዞች የሚወጡ መሆናቸው ነው። አንዱን ቃል ከቦታ ቦታ በማዛወር ብቻ አንድ ሐሰት፣ አንድ እውነት፣ አንድም ለሥነ ሕይወት መምህር የሚተው ጥያቄ አገኘን። በዚያ ዓርብ ከክፍሉ የወጣነው ጥበቃው በሩን ሊዘጋ ሲመጣ ነው።

«ኦልሞስት» ያስቸገረን በሌላ መንገድ ነው። ስለ ደንገል ታንኳ በተጻፈው ገጽ ላይ ባለ ታንኳው «ኦልሞስት ኮት ፊፍቲ ፊሽ» ይል ነበር፤ ይህ 50 ዓሣ ሊይዝ ለጥቂት አመለጠው ማለት ስለሚሆን ምናልባት ባዶ እጁን ገብቷል። «ኮት ኦልሞስት ፊፍቲ ፊሽ» ከተባለ ግን ወደ 50 የሚጠጋ ዓሣ ይዟል። አማርኛ ለሁለቱ የተለያየ አነጋገር ስላለው ልጆቹ በአማርኛ በፍጹም አያምታቱአቸውም።

ሆኖም «ኦንሊ» ሁልጊዜ «ብቻ» እንዳልሆነ ማሳየት ነበረብኝ። ሄንሪ ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1926 በታተመው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላቱ፣ አንድ ሰው ከሞተ ገና ሳምንቱ መሆኑን ለመናገር «ሂ ኦንሊ ዳይድ ኤ ዊክ አጎ» የሚለውን ሰው «ኦንሊ»ን ከግሡ ፊት አስቀመጥክ ብሎ ማረም አላስፈላጊ እንደሆነ ተከራክሯል፤ ትርጉሙን ማንም አይስተውምና። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ በንግግር ጊዜ ድምፃችን የትኛው ቃል እንደተገደበ ስለሚያሳይ ልጆቹን በየአፋቸው ማረም ተገቢ አይደለም። ወረቀት ግን ድምፅ ስለሌለው በጽሑፍ ጠንከር ብያለሁ። በዚህ ምሳሌ «ኦንሊ» አማርኛው «ገና» ነው፤ ጣና ያን ያህል ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እንደማይበልጥ ስንጽፍ ደግሞ «አይበልጥም» የሚለውን ይተካል።

የሒሳብ መምህሩ አንድ ዓርብ መጥተው «ኢፍ» (ከሆነ) እና «ኦንሊ ኢፍ» (ከሆነ ብቻ) የሚለያዩበትን አስረድተዋል። አንድ ቁጥር ለ4 የሚካፈለው ለ2 ሲካፈል ብቻ ነው፤ 6 ግን ለ2 ተካፍሎ ለ4 አይካፈልም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ይህችን ቃል ዘልሎ የሚያነብ ተማሪ ሒሳቡን እያወቀ ነጥብ ያጣል፤ ይህ ደጋግሞ ያሳዘነኝ ነገር ነው።

መምሪያው እስከ ግንቦት ሊያልቅ አልቻለም። ያቆየን የገዳማቱ ገጽ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር፣ «ኦል ዘ ሞናስተሪስ አር ኖት ኦፕን ቱ ዊመን» የሚለው ነው። ክብራንና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡባቸውም፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና እንጦስ ኢየሱስ ግን ይገባሉ። ዐረፍተ ነገሩ አንዱም ገዳም ለሴቶች ክፍት አይደለም ተብሎ ሊነበብ ስለሚችል «ኖት»ን ከ«ኦል» ፊት አዛወርነው፤ ነገር ግን አባላቱ የአማርኛው «ገዳማቱ ሁሉ ለሴቶች ክፍት አይደሉም» ራሱ ሁለት መልክ አለው ብለው ክርክር ገጠሙ፤ ግማሾቹ የየገዳሙ ስም ተዘርዝሮ ይጻፍ አሉ። ረቂቁ በቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ክፍል ተቀምጧል፤ በመጪው ጥቅምት የመጀመሪያው ዓርብ ከዚሁ ዐረፍተ ነገር እንጀምራለን።